ግራ ጆሮዬ

ከደብረ ሲና ቁልቁል፣ ጭጋጉ ከሚያልቅበት፣
ማሽላ አንገት ከሚደፋ፣ ከርከሮ ከሚያድርበት፣
በአራት ግራር የቆመች አንዲት ማማ አለችን፤
እኔና ሸዋቀናን ጥቅምት ሲገባ የምታሳድረን።
ከግራ እሱ ይተኛል፣ ምንሽሩን ታቅፎ፣
ከቀኙ እኔ አለሁ፣ ጤዛ በጋቢዬ አልፎ።

ያ ምንሽር ሲተኮስ እንደ በቅሎ ይራገጣል፣
የተኩሱን እኩሌታ ለባለቤቱ ይሰጣል።
አንድ ጥይት ለከርከሮ፣ አንድ ቡጢ ለትከሻ፣
እንዲህ ሲካፈሉ ኖሩ እስካቻምና መጨረሻ።
ኋላ ግን አጥንቱ ፈራ። ጣቱ ቃታ ሲነካ ዓይኑ ቀድሞ ይጨፈናል፣
ጥይቱም ከርከሮውን ምሮ ማሽላውን ይኮንናል።

አንድ ሐሙስ ጠመንጃውን ጠቅልሎ ደብረ ብርሃን ወጣ፣
ከኅሩይ ቶርኖ ቤት ውሎ፣ አፈሙዙን አስረዝሞ መጣ።
«ፍሬን ነው» ብሎታል ኅሩይ፣ «ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ እንደሚረገጠው፣
ባሩዱ በጎንና በጎን ሲወጣ ነው ምቱን የሚውጠው።
ጥይቱ ግን ቀዳዳውን ፀጉር ታህል እንዳይነካ፣
በየወሩ ፍታና እየው፣ ጥላሸቱን ጥረግ፣ ለካ።»
«ጎረቤት አለህ ወይ?» ሳይለው ሂሳቡን ተቀበለ፤
እሱም «አለኝ» ሳይለው ከኪሱ ቆጥሮ ከፈለ።

የመጀመሪያዋ ሌሊት። ጨረቃ የለችም።
አገዳ ሲሰበር ይሰማል፤ ሰባሪው አይታይም።
«ጆሮህን ያዝ» አላለኝም፤ እሱስ በምን ጠርጥሮ፣
የሚያስበው ትከሻውን፣ መች ሆነና የኔን ጆሮ።

ቃታው ተሳበ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን እሱ ነው የሚያወራ፤
እኔ የማውቀው ነጭ ብልጭታ በቀኝና በግራ፣
ማማው ላይ የከረመ አቧራ ባንዴ ተነሥቶ፣
አንድ ነገር፣ ረጅም ነገር፣ በግራ ጆሮዬ ገብቶ፤
እስካሁን አልወጣም። ጎጆ ቀልሷል፣ ሰፍሯል፣
ሰው ሁሉ ሲተኛ እንደ ቀጭን ሽቦ ያፏጫል።

እሱ ግን ሣቀ። ትከሻውን ዳበሰ፣
እንደ ሕፃን ራስ፣ ደጋግሞ ዳሰሰ።
«አልነካኝም!» አለ፤ ከንፈሩን አየሁ እንጂ ድምፁን አልሰማሁም፤
«እየው፣ አልነካኝም!» እኔም መልስ አልሰጠሁም።
አፈሙዙ ሽቅብ አልዘለለ፣ ዓይኑም አልተከደነ፣
ሁለተኛው ጥይት ሲደርስ መንጋው ገና አልተበተነ።
እውነቱን ልናገር፦ ያን ዓመት ጎተራው ሞላ፣
የኔም ልጆች በልተዋል ከዚያ ከተረፈ ማሽላ።
ጆሮዬ ከሳሽ ቢሆን፣ ሆዴ መከላከያ ምስክር ነው።

ለኅዳር ሚካኤል ማግሥት ሽማግሌ ተቀመጠ፣
አያ ጥሩነህ ነገሩን ከላይ ከታች አገላበጠ፤
«ምቱ የት ገባ?» አለ፤ «ትከሻው ላይ ካልደረሰ፣
ብረት በልቶ አይጠግበው፣ ታዲያ የማንን ቤት አፈረሰ?»
ሸዋቀና ተነሥቶ «እኔ ሰው አልመታሁም» አለ፤
እውነቱን ነው። ግን እውነትም የማይበቃበት ቀን አለ።

ፈረዱ፦ እኔ ካለሁ ይፈታ፣ ብቻውን ካደረ ይታሰር።
ሰባት ዙር ነው መፍቻው፤ በጨለማ ሲፈታ ልቤ ይቆጥራል፣
አምስት ላይ ክንዱ ይዝላል፣ የትከሻው አጥንት ይንቋቋል፤
ከዚያ ይተኩሳል፣ ይመታል፣ ያቃስታል።
ሦስት ሌሊት ቻልኩት።
በአራተኛው «ተወው፣ ይቅር ይታሰር» አልኩት፤
የጧፍ ሰም አሙቄ፣ ደኅናውን ጆሮዬን ሊተኩስ ሲል ደፈንኩት።

«ቦታ ተለዋወጡ» አሉን። አልተለዋወጥንም።
የሞተው ጆሮዬ ወደ እሱ፣ ደኅናው ወደ ማሽላው፤
አገዳ ሲንኮሻኮሽ ቀድሜ የምሰማው እኔ፣
የሚነቃው እሱ፣ በክርኔ።
ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ የሚነግረኝ ነገር አለ፤
ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ጢሙ ይርገበገባል።
ይቅርታ ይሁን፣ የዝናብ ወሬ፣ የበሬ ዋጋ፣
አላውቅም፤ በዚያ በኩል ነው።
ራሴን እነቀንቅለታለሁ።